ሲኒው የማን ነው?

ዛሬ ቡና ጠጥታችኋል? እኔ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ጀበናው እሳት ላይ እያለ ነው። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እስኪወርድ የምለውን እጨርሳለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ። ርዕሳችን ፍቅር ነው። ተረጋጉ፣ የዘፈን ክሊፑ ዓይነት አይደለም። በየስብከቱና በየመዝሙሩ የምንሰማው፣ በየታክሲው መስታወት ላይም ተለጥፎ የምናየው ያ «ቅድመ ሁኔታ የሌለው ፍቅር» የሚባለው ነው።

ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዘውትሮ የሚያስቀድሰውም፣ ለጥምቀት ብቻ ነጠላ የሚያደርገውም ያውቀዋል። እግዚአብሔር ሰውን የሚወደው ሰውየው ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ክርስቲያንም ሌላውን እንዲሁ ሊወድ ይገባዋል። አለቀ። በቃል ደረጃ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ሲኒ መዞር ሲጀምር ነው። ይህን ደግሞ ያስተማረኝ ስብከት ሳይሆን የካፋ ታሪክ ነው።

አቦል፦ ከማንኪራ ጫካ

ማንኪራ በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ ቦታ ነው። የካፋ ሰዎች «የቡና እናት ዛፍ ያለችው እዚህ ነው» ይላሉ። የጅማ ሰዎች ደግሞ «የለም፣ ጮጬ ነው» ይላሉ። እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም፤ ሁለቱም ጋ ሄጄ ቡና መጠጣት እፈልጋለሁና። የማያከራክረው ነገር ግን አለ፤ ዓለም የሚጠጣው አረቢካ ቡና ዛሬም ድረስ ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። በካፍኛ ቡና «ቡኖ» ይባላል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቦንጋ ላይም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ።

ቡና እኛ አገር ለብቻ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ጎረቤት ያልተጠራበት ቡና ቡና አይባልም። «ቡና ጠጡ» ማለት «ኑ፣ እንጫወት» ማለት ነው። ታዲያ የቡና አገር በሚባለው በዚሁ ምድር ላይ ለዘመናት «ቡና ጠጡ» የማይባሉ ሰዎች ነበሩ። ከተባሉም ከደጅ ሆነው፣ በሌላ ዕቃ። እነዚህ ሰዎች ማንጆ ይባላሉ።

ማንጆዎች ከካፋ ሕዝብ ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። በቀድሞው የካፋ መንግሥት ዘመን ኑሯቸው በአደን ላይ የተመሠረተ ነበር። ያ መንግሥት እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። «ታቶ» በሚባሉ ነገሥታት የሚመራ፣ ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በኬላ ያጠረ ጠንካራ መንግሥት ነበር። የኬላውን በሮች ይጠብቁ ከነበሩት መካከልም ማንጆዎች ነበሩበት። እንግዲህ አስቡት፦ የአገሩን በር እንዲጠብቅ የታመነ ሰው የጎረቤቱን የቤት በር ማለፍ አይፈቀድለትም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ ምግብ ነው። ጉሬዛ ይበላሉ፣ ከርከሮ ይበላሉ፣ ጃርት ይበላሉ፣ ሳይታረድ የሞተ ከብት ሥጋ ይበላሉ፤ ስለዚህ ርኩስ ናቸው። ከዚህ የተነሳ ማንጆ ካፋ ቤት አይገባም። ጋብቻማ አይታሰብም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ማንጆው ወደ ዳር ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እኔ ልሙትልዎ» ዓይነት ሰላምታ ያቀርባል። የሚበላ ነገር ሲሰጠው በሳህን ሳይሆን በቅጠል ላይ ነው። በኩባያ ከጠጣም ያ ኩባያ ተመልሶ ለቤቱ ሰው አይሆንም።

«ታዲያ ክርስትና የት ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ክርስትና ካፋ የገባው ትናንት አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በአጤ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደገባ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ግንኙነቱ ላልቶ ቆየ። ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ካፋ ሲደርስ፣ ካህን ሳይኖራቸው የክርስትናን ትዝታ ብቻ ይዘው የቆዩ ሰዎችን አገኘ። ሁለት ዓመት ያህል ሰብኮ በ1861 ከአገሩ ተባረረ። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ያዘ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ፤ በግዞት እንዳለም በ1919 ሞተ። ከዘመቻው በኋላ አብያተ ክርስቲያናት በየቦታው ተተከሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያም ነገር አለ። በዚያ ጦርነትና ተከትሎት በመጣው የባሪያ ፍንገላ የካፋ ሕዝብ ራሱ ብዙ ግፍ አይቷል። ሰው ተሸጧል፣ መንደር ባዶ ቀርቷል። ባለ ጠመንጃው ካፋውን ዝቅ አድርጎ ያየው ነበር። እንዲህ ዓይነት መከራ ሰውን ያቀራርባል ብለን እንጠብቃለን። ግን አላቀራረበም። ካፋው በባለ ጠመንጃው ፊት ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ማንጆው ደግሞ በካፋው ፊት ዝቅ ብሎ ቆመ። የተናቀ ሰው ሌላ የሚንቀው ሲያገኝ የተጽናና ይመስለዋል። ይህ የካፋ ጠባይ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

ክርስትናው ሲሰፋ ጥያቄው መጣ፦ ማንጆ ይጠመቃል ወይ? መልሱ ብዙውን ጊዜ «መጀመሪያ የሚበላውን ይተው» የሚል ነበር። የተዉም ነበሩ። ጉሬዛውንም ከርከሮውንም ትተው፣ እርሻ ጀምረው፣ ጾሙን ጾመው መጡ። ከመጡ በኋላ ግን ቤት የማይገቡ፣ ማዕድ የማይቀርቡ ሆነው ቀሩ። የቅድመ ሁኔታ ጠባዩ ይኸው ነው። አሟላሁ ስትል ሌላ ይጨመርልሃል፤ ምክንያቱም ነገሩ መጀመሪያውኑም ስለ ጉሬዛው አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ማንጆዎችንም የመሬት ባለይዞታ አደረጋቸው። በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከካፋው ጋር አንድ ቦታ መቀመጥ ጀመሩ። ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ነገር ግን አዋጅ መሬት ያካፍላል እንጂ ሲኒ አያካፍልም። ስብሰባው ሲበተን ሁሉም ወደየቤቱ፣ ወደየኩባያው ተመለሰ።

ከጊዜ በኋላ ብዙ ማንጆዎች ወደ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ገቡ። ስለ እነርሱ ለዓመታት ያጠናችው ጃፓናዊቷ ሳዩሪ ዮሺዳ «ለምን ፕሮቴስታንት ሆኑ?» ብላ ጠይቃ ጽፋለች። አንዱ መልስ ለመገመት አይከብድም፤ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው ሲባል ሰምተው ነው። ቀጥሎ የሆነው ነገር ግን ልብ ይሰብራል። በየቦታው አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ ማንጆው ሲገባ ካፋው ጥሎ የወጣበት፣ ማንጆው ለብቻው አምላኪ ሆኖ የቀረበት ቤተ ክርስቲያን ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱ አንድ፣ አዳራሹ ሁለት።

እ.ኤ.አ. በ2002 ነገሩ ፈነዳ። በካፋ ዞን በተለያዩ ቦታዎች ማንጆዎች ተነስተው ጎረቤቶቻቸውን አጠቁ። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ግማሽ ነግሬያችሁ ይሆናል። የተበደለ ሰው ሁልጊዜ ትዕግሥተኛ አይደለም፤ የሞተውም ሰው የማንም ይሁን የማን ልጅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። አብረው የሚማሩ ልጆች አሉ፤ አብረው የሚበሉ ሰዎችም አሉ። በየቤተ እምነቱም አጥሩን ለማፍረስ የደከሙ ነበሩ፣ አሉም። ግን አልቆለታል የሚል ካለ የቦንጋን ገበያ ወጣ ብሎ ይጠይቅ።

ቶና፦ ማዕዱና ቃሉ

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በግሪክኛው አዲስ ኪዳን ለዚህ ፍቅር የተለመደው ቃል «አጋፔ» ነው። ሰባኪዎቻችን ይህን ደጋግመው ነግረውናል። ብዙ ጊዜ የማይነግሩን ግን፣ የጥንት ክርስቲያኖች አብረው የሚበሉትን ማዕድም ያው «አጋፔ» ይሉት እንደነበረ ነው። ፍቅሩና ማዕዱ አንድ ስም ነበራቸው። በቆሮንቶስ ሀብታሞቹ ቀድመው በልተው ሲጠግቡ ድኾቹ ተርበው ሲቀሩ፣ ጳውሎስ የተቆጣው ስለ ገበታ ሥርዓት አይደለም። ድኻውን አስርቦ የሚበላ ሰው የጌታን እራት እየበላ እንዳልሆነ ነው የነገራቸው።

እኛም ብንሆን ይህን በቋንቋችን ውስጥ ይዘነዋል። «ጽዋ» ማለት ኩባያ፣ ዋንጫ ማለት ነው። እናቶቻችን «ዛሬ ጽዋ አለብኝ» ሲሉ ግን «ዛሬ ማኅበር አለብኝ» ማለታቸው ነው። የማኅበሩ ስም ከኩባያው ስም የመጣ ነው። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ካልዞረ ማኅበሩም የለም።

አሁን የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ በዚህ ዓይን አንብቡት። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር፤ ዕቃቸውንም አይጋሩም። ኢየሱስ ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ የጀመረው በትምህርት አይደለም። «ውኃ አጠጪኝ» በማለት ነው። መቅጃም አልነበረውም። ስለዚህ የሚጠጣው በእርሷ ዕቃ ነው። ሴቲቱም የገረማት ይኸው ነበር፦ አንተ አይሁዳዊ ሆነህ እንዴት ከእኔ ትለምናለህ? አያችሁ ቅደም ተከተሉን? ስለ አምስቱ ባሎቿ የተነሳው በኋላ ነው። ኩባያው ቀደመ።

ዘኬዎስም እንዲሁ ነው። ኢየሱስ «የዘረፍከውን መልስና እቤትህ እመጣለሁ» አላለውም። «ዛሬ ቤትህ እውላለሁ» ነው ያለው። አራት እጥፍ እመልሳለሁ የሚለው ቃል የወጣው እንግዳው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

የካፋን ነገር በቀጥታ የሚነካው ግን የጴጥሮስ ታሪክ ነው። ኢዮጴ ላይ ሰገነት ወጥቶ ሲጸልይ ተራበ፤ አንድ ትልቅ ሸማ ከሰማይ ሲወርድ አየ። ውስጡ አራት እግር ያላቸውና የሚሳቡ አራዊት፣ ወፎችም አሉበት። «ተነሣና አርደህ ብላ» ሲባል «ርኩስ በልቼ አላውቅም» አለ። ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ። ጴጥሮስ ስለ ምግብ የተነገረው መስሎት ግራ ገብቶት ሳለ የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች በሩን አንኳኩ። ያኔ ገባው። ነገሩ ስለ ሰው ነበር፤ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል። ቂሣርያ ሄዶ ከሮማዊው መቶ አለቃ ቤት ገባ፤ ገና እየተናገረ ሳለም መንፈስ ቅዱስ በቤቱ ሰዎች ላይ ወረደ። ሳይጠመቁ፣ ሳይገረዙ፣ የሚበሉት ምን እንደሆነ ሳይጠየቁ! ጥምቀቱ ከኋላ መጣ።

ይኸው ጴጥሮስ ግን ቆይቶ በአንጾኪያ ምን አደረገ? ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ክርስቲያኖች ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም እንግዶች ሲመጡ ፈርቶ ራቅ አለ። ጳውሎስም ፊት ለፊት ተቃወመው። ይህ ታሪክ በመጽሐፉ ውስጥ በመኖሩ ደስ ይለኛል። ራእይ ያየ ሐዋርያ እንኳ «ሰው ምን ይለኛል» ሲመጣ ማዕዱን ትቶ ተነሥቷል። እኛማ ምን ያስደንቃል?

«እንግዲያው ጉሬዛ እንብላ ነው የምትለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። የምበላውን መምረጥ መብቴ ነው፤ ሃይማኖቴም ሊሆን ይችላል። ኦርቶዶክሱ የማይበላው አለ፣ ሙስሊሙም የማይበላው አለ። ሕጉ ግን ለእኔ ሳህን የተሰጠ ነው። በዚያ ሕግ የጎረቤቴን ሰውነት መመዘን ስጀምር ጾሜ ጾም መሆኑ ቀርቶ አጥር ይሆናል።

ከራሳችን ጓዳም ምስክር አለ። በላዔ ሰብእን የማያውቅ የለም፤ በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለው ሰው በላው ሰው። ቤተሰቡን ሳይቀር የበላ። መንገድ ላይ ያገኘው ውኃ የጠማው በሽተኛ በእመቤታችን ስም ሲለምነው እፍኝ ውኃ ሰጠው፤ በፍርድ ቀንም ያቺ እፍኝ ውኃ ከኃጢአቱ ሁሉ ከብዳ ተገኘች። በየዓመቱ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ ይህ ይተረካል። ሰው የበላ ሰው በእፍኝ ውኃ እንደሚማር እያመንን፣ ጉሬዛ የበላ ሰው እፍኝ ውኃ በእኛ ኩባያ እንዳይጠጣ ከለከልን ማለት ነው።

ክርስቶስ ሠምራ ደግሞ አሉ፤ በጣና ገዳም የመሠረቱት ቅድስት። ገድላቸው እንደሚለው የጸለዩት ስለ ጻድቃን ብቻ አልነበረም፤ ፈጣሪ ሰይጣንን እንዲምረው ለመኑ። ሰው በኃጢአት የሚወድቀው በእርሱ ምክንያት ነውና እርሱ ቢታረቅ ሁሉም ያርፋል ብለው። ሰይጣን እርቁን አልፈለገም፤ እርሳቸውንም ወደ ሲኦል ጎተታቸው፤ ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ ሲያወጣቸው ግን ብዙ ነፍሳት አብረዋቸው ወጡ። ተረኩን እንደፈለጋችሁ ውሰዱት። እኔን የሚገርመኝ እንዲህ ዓይነት ፍቅርን ማሰብ የቻለ ሕዝብ መሆናችን ነው። የፍቅር እጥረት ያለብን በመጻሕፍታችን ውስጥ አይደለም፤ በጓዳችን ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቡናው ራሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቡና ራሱ ርኩስ ነበር! በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ክርስቲያኑ ለረጅም ዘመን ቡና አይጠጣም ነበር። የእስላም መጠጥ ነው፣ የባዕድ አምልኮ መጠጥ ነው ይባል ነበር። ይህ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። አጤ ምኒልክ ራሳቸው ጠጡ፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ አለዘቡ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ቡና የማይፈላበት ቤት ፈልጋችሁ ታመጡልኛላችሁ? ትናንት ርኩስ የነበረው ዛሬ የቤታችን ሽታ ነው። ፍሬው አልተለወጠም፤ እኛ ነን የተለወጥነው። ስለ ሲኒው ይህን ያህል መለወጥ ከቻልን፣ ሲኒውን ስለሚይዘው እጅ መለወጥ ለምን አቃተን?

በረካ፦ ወደ ቤታችን

ይህን ሁሉ አንብቦ «ካፋዎች ምን ነክቷቸው ነው?» የሚል ካለ፣ ይቆየኝ። ወደ ጣና ዳር እንሂድ። ወይጦዎች በታንኳ የሚኖሩ፣ ጉማሬ የሚያድኑ ሰዎች ነበሩ። ጉማሬ ስለሚበሉ ክርስቲያኑ አይቀርባቸውም። እነርሱ «እስላም ነን» ሲሉ ሌላው ሙስሊምም አይቀበላቸውም። ያው ታሪክ ነው፤ ጉሬዛው በጉማሬ ተተካ። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን «ቡዳ ነው» እያለ ሲሸሽ የኖረውስ ማነው? ማረሻውን ከቀጥቃጩ ይገዛል፤ ጀበናውን ከሸክላ ሠሪዋ ይገዛል፤ ሴት ልጁን ግን አይሰጥም። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ገና በአፋችን አለ።

ባሕር ማዶም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ፣ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ዉልዎርዝ ከተባለ መደብር ገቡ። ዕቃ ገዙ፤ ገንዘባቸውን ማንም አልጠላውም። ከዚያ በዚያው መደብር ውስጥ ካለው የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው አንድ ነገር ጠየቁ። ምን መሰላችሁ? ቡና። አልተሰጣቸውም። እስኪዘጋ ድረስ ቁጭ አሉ፤ በማግሥቱ ሌሎች ተጨምረው መጡ፤ ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በዚያው ዓመት በጁላይ ባንኮኒው ተከፈተ፤ መጀመሪያ የተስተናገዱትም የመደብሩ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ። ለዓመታት ምግቡን ሲያበስሉ የኖሩበት ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው በሉ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ማርቲን ሉተር ኪንግ በየስብከቱ ስለ አጋፔ ይናገር ነበር። አጋፔ መውደድ ከሚባለው ስሜት የተለየ መሆኑን ያስተምር ነበር፤ የሚጠላህን ሰው ሳትጠላ፣ ነገር ግን ክፋቱን እሺ ሳትል መቆም። ይህ ለብዙዎቻችን ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ቅድመ ሁኔታ የሌለው ፍቅር ሁሉንም ነገር ማጽደቅ አይደለም። በ2002 ቤት ያቃጠለውን «አበጀህ» አይልም። ለዘመናት ሰውን በደጅ ያስቀመጠውንም «ባህል ነው» ብሎ አያልፍም። ፍርድ አለ፤ ይቅርታ መጠየቅ አለ፤ መካስ አለ። ፍቅር የሚለው እነዚህ ሁሉ አብረን ተቀምጠን እንነጋገርባቸው ነው። ሁለቱም ወገን ወንበር ይኑረው፤ ሁለቱም ሲኒ ይኑረው፤ ከዚያ በኋላ እንጨቃጨቅ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ የሌላውን ብቻ አውርቼ ብሄድ ልክ አይሆንም።

አዲስ አበባ፣ እኛ ቤት፣ አንዲት የብረት ኩባያ ነበረች። ጠርዟ ላይ ቀለሟ የተላጠ። ከሌሎቹ ጋር አትቀመጥም፤ ከቧንቧው አጠገብ ባለች ምስማር ላይ ትሰቀላለች። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚያመጡልን አንዲት እናት ነበሩ። እንጨቱን አውርደው ላባቸውን ሲጠርጉ ውኃ ይሰጣቸዋል፤ በዚያች ኩባያ። ቀን ሠራተኛ ሲመጣም በዚያችው። ለምን እንደሆነ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ግን አውቅ ነበር። ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይነገረው ያውቃል።

አንድ ቀን ከኳስ ስመለስ ጠምቶኝ በዚያች ኩባያ ቀድቼ ጠጣሁ። እማዬ ከእጄ ነጥቃ ደፋችው። «ይኼ የኛ አይደለም!» አለችኝ። እማዬ ክፉ ሰው አይደለችም። ሰባቱንም አጽዋማት የምትጾም፣ ለማኝ በባዶ እጁ የማትመልስ ሰው ናት። ለእኚያ እናት ከውኃው ጋር ዳቦ ትሰጣቸው ነበር፤ ለፋሲካ ቀሚስም ሰጥታቸዋለች። ኩባያ ብቻ ነው ያልሰጠቻቸው። ቦንጋ ላይ ማገዶና ከሰል ተሸክመው ከሚመጡት ብዙዎቹ ማንጆዎች መሆናቸውን ሳነብ ያቺ ኩባያ ትዝ አለችኝ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝም እርሷ ናት።

እዚህ ላይ ነው ምጽዋትና ፍቅር የሚለያዩት። ምጽዋት ከደጅ ሆኖ ሊሰጥ ይችላል፤ በቅጠል ላይ ሊሰጥ ይችላል። ሰጪው ከመስጠቱ በፊት የነበረውን ከፍታ እንደያዘ ይቆያል። ፍቅር ግን ያንን ከፍታ ይነጥቅሃል። ከአንድ ኩባያ ስትጠጡ የላይና የታች የሚባል ነገር ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ይጠፋል። ለዚህ ይመስለኛል መስጠት የሚቀለን፣ አብሮ መጠጣት ግን የሚከብደን። ማንጆዎችም ቢሆኑ የጠየቁት ምጽዋት አልነበረም። ቤት ለመግባት ነው የጠየቁት።

«አሁን ዘመኑ ተለውጧል፣ እኛ ወጣቶች እንዲህ አናደርግም» እንበል? እስቲ በየመሥሪያ ቤታችን ያለውን ተመልከቱ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሻይዋን የት ነው የምትጠጣው? ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ ምሳዋን ከእኛ ጋር ነው የምትበላው ወይስ ጓዳ? ፌስታል ውስጥ የተለየ ሳህን ያላት ስንት ቤት ነው? አንድ ሰው ከሆነ በሽታ ጋር እንደሚኖር ስንሰማ ብርጭቆውን ለይተን አናውቅም? እኛ ማንጆ የሚለውን ቃል ላናውቅ እንችላለን፤ ኩባያዋን ግን እናውቃታለን።

ጀበናው አሁን በረካ ላይ ደርሷል። በረካ ማለት በረከት ነው፤ ቀጭን ብትሆንም ሳይጠጧት አይነሡም። የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ዓመቱን ሙሉ ቡናቸውን የሚጠጡት በሩ ላይ ነው፤ እኔ ነኝ ወስጄ የምሰጣቸው፤ ደግ የሆንኩም ይመስለኝ ነበር። የካፋን ኬላ ጠባቂዎች ታሪክ ከጻፍኩ በኋላ ግን ሲኒውን ይዤ ወደ በሩ መውጣት አስጠላኝ። አሁን ልጠራቸው ነው። ገብተው ይቀመጡ ይሆን፣ ወይስ «ግድ የለም ልጄ፣ እዚሁ ይመቸኛል» ይሉኝ ይሆን፣ አላውቅም። ብዙ ዓመት ደጅ የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን ስለተጠራ ብቻ ላይገባ ይችላል። እንዲህ ካሉኝ እኔ ሲኒዬን ይዤ እርሳቸው ጋ እወጣለሁ።

ቸር ይግጠመን።